የበረዶ ምልክት ያለበት ያገለገለ ጎማ ለጎንደር–ጨነቅ መንገድ ይሆናል ወይ?

መነሻ ጥያቄ

ጠያቂው ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ሳንቃበርና ጨነቅ፣ አንዳንዴም ቧሂትን ተሻግሮ እስከ መካነ ብርሃን ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ የሂሉክስ ደብል ጋቢና ሹፌር ነው። የጎማው ልክ 265/65 አር 17 ነው። ጥርሱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ወርዷል፣ የኋላ ግራው ከነጭራሹ ሊሾ ሆኗል። ሰኔ ሳይገባ አራቱንም መቀየር ፈልጎ ሲያፈላልግ አዘዞ ላይ ከአውሮፓ የመጡ አራት ያገለገሉ ጎማዎች አገኘ። ሻጩ የክረምት ጎማ ናቸው ብሎታል፤ የጠየቀው ዋጋም ከአዲሱ ግማሽ አይሞላም። ጎናቸው ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ በተራራው ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ተስሏል። የጥርሱ ጥልቀት 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ3816 ያልቃል። ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ፣ ጎማው ለወገራ በረዶና ለደባርቅ ጭቃ ይሠራ እንደሆነ፣ ካልሠራ ምን መግዛት እንዳለበት ጠይቋል።

ለጥያቄው በተከታታይ የተጻፉትን መልሶች፣ ማለትም ክሩን፣ እንደ ቅደም ተከተላቸው አስቀምጣቸዋለሁ። የተሳሳቱትንም አላስቀርም፤ ስህተታቸው ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስህተት ስለሆነ እርማቱ ጠቃሚ ነው።

መልስ 1

ያለማመንታት ይግዛው የሚል ነው። አምባ ጊዮርጊስና ዳባት ላይ በሐምሌ የሚወርደው በረዶ አስፋልቱን ነጭ እስኪያደርገው ድረስ ስለሚከመር፣ የክረምት ጎማ ተብሎ የተሠራ ጎማ ለክረምት መሆኑ ምን ያጠያይቃል ይላል። መንገዱን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ጎማውን ግን በስሙ ብቻ ነው የመዘነው።

መልስ 2

የመጀመሪያውን መላሽ አንቱ እያለ በትሕትና ያርመዋል። ያሳሳተን ቃሉ ነው ባይ ነው። ጎማው የተሠራበት አገር ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ ክረምት የሚሉት ብርዱ የሚበረታበትን፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ለእኛ ደረቅ በጋ ነው። የእኛ ክረምት የዝናብ ወቅት ነው፤ ጎንደር ከተማ በሐምሌ ቀኑ ከ20 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ ጎማው የብርድ ጎማ ቢባል ማንም ባልተሳሳተ ነበር ይላል። ከዚህ በኋላ እኔም የብርድ ጎማ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ በዚህ ክር ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ ይህን የሚያህል ጥቅም ያለው እርማት አላየሁም።

መልስ 3

ወደ ቁጥሩ ይሄዳል። 3816 ሲነበብ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች 16 ስለሆኑ ጎማው የ2016 ዓ.ም. ነው፣ ገና አላረጀም ይላል። ዋጋውን ካየ በኋላ ገንዘቡን ይዞ ዛሬውኑ እንዲሄድ ይመክራል።

መልስ 4

የቁጥሩ አነባበብ ትክክል ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ነገር ግን ዓመቱ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የ2016 እ.ኤ.አ. 38ኛ ሳምንት ማለት በእኛ መስከረም 2009 ዓ.ም. መሆኑን ቆጥሮ አሳይቷል። አንድ ጎማ በዚህ ስህተት ብቻ ሰባት ስምንት ዓመት ወጣት ይሆናል። ብዙ ፋብሪካዎች ጥርሱ ቢኖርም ባይኖርም ከተሠራ 10 ዓመት የሞላውን ጎማ አውርዱ ይላሉ፤ ከአምስተኛው ዓመት ጀምሮም በየዓመቱ እንዲመረመር ይመክራሉ። ፀሐይና አየር ላስቲኩን ያደርቁታል፣ ዘይቱን ያወጡታል፤ ከፍታ ቦታ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ይበረታል። ለብርድ ጎማ እርጅና ድርብ ኪሳራ ነው፣ ምክንያቱም ገዢው የከፈለው ለላስቲኩ ልስላሴ ነው፤ ልስላሴው ከሄደ የቀረው ስሙ ነው።

ሦስተኛው መላሽ ስህተቱን ወዲያው ተቀብሎ አመስግኗል።

መልስ 5

ከሁሉም ረጅሙና ጠንካራው ይህ ነው። መላሹ ጎማን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ነው።

የተለመደው ጎማ ላስቲክ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ እየደረቀ መንገዱን መጨበጥ ይቀንሳል። የብርድ ጎማ ሲሊካና የተፈጥሮ ላስቲክ በዛ ተደርጎለት ስለሚቀመም ከዜሮ በታችም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ሁለተኛው ልዩነት ጥርሱ ላይ ነው፦ እያንዳንዱ ጥርስ በምላጭ የተበጣ የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት። ጎማው ሲጫን ስንጥቆቹ ተከፍተው በመቶ የሚቆጠሩ ጠርዞች ይፈጥራሉ፤ ጠርዞቹ በረዶውን ይነክሳሉ፣ በበረዶው ላይ ያለውንም ስስ ውኃ ይመጣሉ።

ተራራና የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት የሚሰጠው ጎማው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ተፈትኖ ከማነጻጸሪያው ጎማ ቢያንስ 10 በመቶ በልጦ ሲገኝ ነው። ኤም ፕላስ ኤስ የሚለው ጽሑፍ ግን ፈተና የለውም፤ ፋብሪካው የጥርሱን ቅርጽ አይቶ ራሱ ያትመዋል፣ ጭቃና በረዶ ለማለት። ስለዚህ ኤም ፕላስ ኤስ ብቻ የተጻፈበትን ጎማ የበረዶ ጎማ ነው ብሎ ዋጋ መጨመር ተገቢ አይደለም። በዚያ ላይ የተራራው ምልክትም ቢሆን የሚመሰክረው ለተጠቀጠቀ በረዶ ነው፤ እንደ መስተዋት ለተጋገረ ውኃ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዚያ ወደ ጠያቂው ጎማ ይመለሳል። ለስላሳ ላስቲክ በሞቃት አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፣ የማቆሚያ ርቀቱም ይረዝማል፣ በሞቃት ዝናብም ከተለመደው ጎማ ያንሳል። መኪናው አንድ ቀን ወደ መተማ ቢላክ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቆላ በጭነት ሲሮጥ ጥርሶቹ እየተቦጨቁ ይወድቃሉ። ከሳንቃበር በላይ ያለው ጥቁር ስለታም ድንጋይ ደግሞ ስሱን ጎን ይቆርጠዋል። ለጥቂት ወር ውርጭ ሲባል የቀረውን ዓመት የሚጎዳ ጎማ ማሰር ነው ይላል።

መልስ 6

እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ስድስተኛው መላሽ ይህ ሁሉ የጎማ ትምህርት ቅንጦት እንደሆነ፣ ሂሉክስ አራቱም ጎማው ስለሚጎትት አራቱን አስገብቶ መንዳት እንደሚበቃ፣ የሰሜን ሹፌሮችም ያለ ምንም ምልክት ሲነዱ እንደኖሩ ጻፈ።

መልስ 7

አምስተኛው መላሽ ሲመልስለት አንቱታው ቀርቶ አንተ ሆኗል። አራት ጎማ መጎተቱ ለመነሳትና ዳገት ለመውጣት እንጂ ለመቆም አንዳች አይጨምርም ይለዋል፤ ፍሬን ሲረገጥ የማንኛውም መኪና አራቱም ጎማ ይያዛል። መኪናውን የሚያቆመው ጎማው ከመንገዱ ጋር ያለው ፍትጊያ ብቻ ነው። ሒሳቡንም አስቀምጧል፦ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ፍሬን ከተያዘ ደረቅ አስፋልት ላይ መኪናው 14 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል፣ በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ 49፣ በተጋገረ ውኃ ላይ 98። ይህ ሹፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬኑ ላይ እስኪያደርስ የሚሄደውን ሳይጨምር ነው።

ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በተጋገረ ሜዳ ላይ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና 35 ሜትር ይፈልጋል። በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት 71 ሜትር ይፈልጋል። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድበት ግን ወደ ታች የሚጎትተው ክብደትና ፍሬኑ የሚይዘው እኩል ስለሚሆኑ መኪናው ጭራሽ አይቆምም። የጨነቅን ኩርባዎች ለሚያውቅ ሰው ይህ ይበቃዋል ብሎ ዘጋው።

ንግግሩ ሸከረ፤ ሒሳቡ ግን አንድም ቦታ አልተዛነፈም። ስድስተኛው መላሽም ለቁጥሩ መልስ አልሰጠም።

መልስ 8

የጎሚስታ ሥራ የሚያውቅ ሰው ያገለገለ ጎማ እንዴት እንደሚመረመር በዝርዝር ጽፏል፤ ያገለገለ ነገር የሚገዛ ሁሉ ቢይዘው መልካም ነው።

ጎማው ከቸርኬው ወርዶ ውስጡ ካልታየ አይገዛ። ከውጭ የማይታይ ጥገና ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በመሃል በኩል ከውስጥ በደንብ የተለጠፈ ቀዳዳ ይታለፋል፤ ወደ ትከሻው የተጠጋ ወይም ጎኑ ላይ ያለ ጥገና ግን አይታለፍም። ጎኑ ላይ እንደ እንቁላል ያበጠ ካለ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል ማለት ነው። ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ጠርዝ ተቀዶ ሽቦው ከታየ አየር አይይዝም። የጥርሱን ሥር በአውራ ጣት ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ማየት፣ የፀጉር መስመር የሚያህል ስንጥቅ ካለ መተው።

ጥልቀቱ በሦስት ቦታ ይለካል፦ በውስጥ ጠርዝ፣ በመሃልና በውጭ ጠርዝ። መለኪያ ከሌለ የክብሪት እንጨት አስገብቶ በጥፍር ምልክት ይዞ በማስመሪያ ማየት ይቻላል። መሃሉ ብቻ ካለቀ ከልክ በላይ ሲነፋ የኖረ ነው፤ ሁለቱ ጠርዝ ካለቀ ሳይነፋ የተነዳ ነው፣ ይህኛው ውስጡ በሙቀት የተጎዳ ሊሆን ስለሚችል የባሰ ነው። በአንድ ጎን ብቻ ካለቀ የመኪናው አላይመንት የተበላሸ ነበር።

ለብርድ ጎማ ሁለት ተጨማሪ ነገር አለ። ብዙዎቹ በጥርሱ መካከል 4 ሚሊ ሜትር ላይ የሚደርስ ሌላ ምልክት አላቸው፤ ጥርሱ እዚያ ሲደርስ በበረዶ ላይ የነበረው ጥቅም አለቀ ማለት ነው። የጠያቂው ጎማ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚገዛው አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው! ሁለተኛው፣ ከስካንዲኔቪያ የመጣ ከሆነ ጥርሱ ላይ ምስማር ተነቅሎ የቀረ ትንንሽ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል፤ ቀዳዳው ጠጠር እየያዘ ወደ ውስጥ ይቦረቡራል። በመጨረሻም ጎኑ ላይ ቀስት ካለ ጎማው መዞር ያለበት በቀስቱ አቅጣጫ ነው። ተገልብጦ ከታሰረ ውኃውን ወደ ውጭ ከመግፋት ወደ መሃል ይሰበስበዋል።

መልስ 9 እና 10

ዘጠነኛው በረዶውን ትታችሁ ስለ ጭቃው አውሩ ይላል። እሱ የሚመርጠው ኤም ቲ የሚባለውን ትልልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ ነው።

አሥረኛው በከፊል ተስማምቶ በከፊል ያርመዋል። በደምቢያ ዋልካ ላይ፣ ከቆላ ድባ ወጣ ብለው ላሉ የገጠር መንገዶች ኤም ቲ ወደር የለውም፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ሲዞር ጭቃውን ይወረውራል፣ ጥርሱ ጠባብ የሆነ ጎማ ግን በአንድ ዙር ተሞልቶ ሊሾ ይሆናል። በተጋገረ ውኃና በእርጥብ አስፋልት ላይ ግን ኤም ቲ ከሁሉ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ላስቲኩ ደረቅ ነው፣ ስንጥቅ የለውም፣ መሬት የሚነካው የላስቲክ መጠንም ያንሳል። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አስፋልት ነው። ለዚያ ሁሉ አስፋልት የጭቃ ጎማ ማሰር ነዳጅም ጎማም መፍጀት ነው። ጭቃ ውስጥ የገባ መኪና የጎማውን አየር ወደ 18 ወይም 20 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ቢያወርድ ከመሬት ጋር የሚነካካው ቦታ ስለሚሰፋ ብዙ ጊዜ ይወጣል። ከ15 በታች ማውረድ ግን መሪ ሲጠመዘዝ ጎማው ከቸርኬው እንዲወልቅ ያደርጋል።

መልስ 11

አጭር ማስጠንቀቂያ ናት። አየር ያወረደ ሹፌር ወደ አስፋልት ሲመለስ ሳይነፋ እንዳይሮጥ። ጎማ በቆመ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍበት ፍጥነት የሚወሰነው በአየሩ ግፊት ነው፤ ጥርሱ ላለቀ ጎማ በ35 ፒ.ኤስ.አይ. 98 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በ18 ግን ወደ 70 ይወርዳል። በዚያ ላይ ጎማው ይግላል። መኪናው ውስጥ ትንሽ ኮምፕሬሰርና የግፊት መለኪያ ከሌለ አየር ማውረድ አይጀመር።

መልስ 12 እና 13

ክሩ ለጥቂት ጊዜ ከመንገድ ወጣ፤ እኔ ግን አልጠላሁትም። አሥራ ሁለተኛው ከሰማይ የሚወርደውንም ጠጠር፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚሠራውንም ሁሉ በረዶ ስለምንል ነው የማንግባባው ይላል። አሥራ ሦስተኛው ውርጭ የሚል ቃል እንዳለን፣ አመዳይ የሚልም እንዳለን አስታወሰ፤ አመዳይ የሣሩ ላይ ነጭ ነው ወይስ የሚረግፈው ነው በሚለው ላይ ግን ሁለቱ ሳይስማሙ ቀሩ።

ቃሉን መለየት ለሹፌር ቁም ነገር ነው። በወገራ የሚወርደው ጠጠር በረዶ ከጎማው ሥር እንደ ኩሽኔታ ኳስ ይንከባለላል፤ የብርድ ጎማው ስንጥቅም ቢሆን የሚንከባለል ነገር መንከስ አይችልም። መድኃኒቱ ፍጥነት ቀንሶ፣ ከቦይና ከገደል ጠርዝ ርቆ፣ መብራት አብርቶ መቆም ነው። አስፋልቱ ሙቀት ስለያዘ አብዛኛውን ጊዜ ብዙም ሳይቆይ ይቀልጣል።

መልስ 14

ከካናዳ የጻፈች እህት ናት። ለአገር ቤት መንገድ የተሰጠውን ምክር ሳትነካ፣ ከጎንደር ወጥተው ብርድ አገር ለሚገቡ አዲስ ሹፌሮች ይህን ጨምራለች። በካናዳዋ ኩቤክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የብርድ ጎማ በሕግ ግዴታ ነው። በስዊድን መንገዱ በረዷማ ሲሆን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 ግዴታ ሲሆን ጥልቀቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ጀርመን ከ2024 እ.ኤ.አ. መጸው ጀምሮ ኤም ፕላስ ኤስ ብቻ ያለበትን አይቀበልም፤ የተራራው ምልክት ሊኖር ይገባል። እዚያ አገር አራቱንም መቀየር፣ በረዶ እስኪወርድ ሳይጠብቁ የቀኑ ሙቀት ወደ 7 ዲግሪ ሲወርድ ማሰር፣ ቢቻል ሁለተኛ የብረት ቸርኬ ገዝቶ ጎማውን በላዩ አስቀምጦ መተው ይሻላል፤ በየወቅቱ ማውለቅና ማልበስ ጠርዙን ይጎዳል። ቀጠን ያለ ጎማ ደግሞ ልቅ በረዶውን ሰንጥቆ ወደ ታች ስለሚደርስ ከሰፊው ይመረጣል።

ለሂሉክሱም በዚሁ ምክንያት 245/70 አር 17 ሊታሰር እንደሚችል ጠቁማለች፤ ቁመቱ ከ265/65 አር 17 የሚለየው በ2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ የፍጥነት ቆጣሪውን አያዛባም።

መልስ 15

ወደ መንገዱ የመለሰን ይህ ነው፤ ከሁለተኛው መልስ ጋር የሚገናኝም ነው። በጨነቅና በቧሂት መንገዱ ላይ ውኃ የሚጋገረው በክረምት ሳይሆን በበጋ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ደረቅ መንገድ አይጋገርም። የሚጋገረው ከገደሉ ግድግዳ ምንጭ የሚንጠባጠብበት፣ የውኃ መውረጃ ቱቦው ተደፍኖ ውኃው መንገዱን የሚያቋርጥበት ቦታ ነው። እነዚህ ቦታዎች የታወቁ ናቸው፣ ጥላ የሚውልባቸው ኩርባዎች። ፀሐይ እስኪያገኛቸው፣ እስከ ረፋዱ ሦስት ሰዓት፣ አደገኛ ናቸው። ከዜሮ ብዙ ከወረደው ይልቅ ዜሮ አካባቢ ያለው፣ ላዩ መቅለጥ የጀመረው ነው በጣም የሚያንሸራትተው። ስለዚህ ርካሹ መፍትሔ የመነሻን ሰዓት ማዘግየት ነው፤ ጎማ መግዛት ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

ስለ አየር ግፊትም ትክክለኛ ነገር ጨምሯል። ከጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ተነስቶ ጨነቅ 3,600 ሲደረስ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው 2 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ጨምሮ ያነባል፤ ሙቀቱ ከ25 ወደ 0 ሲወርድ ደግሞ 4 ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ከተማ 35 የተነፋ ጎማ ጨነቅ ላይ ሲነጋ 33 ቢያሳይ ጎማው ተበስቷል ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ከዚያ በታች ካሳየ ግን መበሳቱን መፈለግ ነው።

ቁልቁለቱን በተመለከተ በከባዱ ማርሽ (አራቱንም ጎማ በዝግታና በኃይል በሚያዞረው) መውረድ ትክክል ነው፤ በተጋገረ ቦታ ላይ ግን የከባዱ አንደኛ ማርሽ ሞተሩ ጎማውን ከልክ በላይ ስለሚይዘው ራሱ ያንሸራትታል፣ ሁለተኛ ይሻላል።

መልስ 16

ሰንሰለት። አንድ ጥንድ ሰንሰለት ከብርድ ጎማ ይረክሳል፣ ዓመቱን ሙሉ መቀመጫ ሥር ይቀመጣል፣ በተጋገረው ላይ ከማንኛውም ጎማ በላይ ይይዛል። ልኩ ከጎማው ልክ ጋር መግጠም አለበት። መሬት ላይ ተዘርግቶ የመንጠቆዎቹ ሹል አፍ ወደ ጎማው እንዳይዞር ተደርጎ ይለበሳል፣ መጀመሪያ የውስጡ ከዚያ የውጭው ይቆለፋል፣ ከ50 እስከ 100 ሜትር ተነድቶ እንደገና ይጠበቃል። ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም፤ ደረቅ መሬት ሲመጣ ይወልቃል፣ ካልወለቀ ይበጠሳል። አንድ ጥንድ ብቻ ካለ ከኋላ ይታሰራል፣ ያኔ ግን በመሪ የሚዞሩት የፊት ጎማዎች ሰንሰለት እንደሌላቸው ማወቅ ይገባል። ከማሰር በፊት ውስጥ በኩል የፍሬን ቱቦውን እንዳይነካ በእጅ መለካት ያስፈልጋል። በሰንሰለት ምትክ ገመድ በቸርኬው ቀዳዳ እያሾለኩ መጠምጠም የፍሬን ቱቦ የሚበጥስ ልማድ ስለሆነ ይቅር ብሏል።

መልስ 17 እና 18

አሥራ ሰባተኛው ገንዘብ ለመቆጠብ ሁለት ጎማ ብቻ ተገዝቶ ፊት ይታሰር አለ። አሥራ ስምንተኛው መልሱን በቁጣ ነው የጀመረው፤ ሰው ልትገድል ነው ወይ እስከማለት ደርሷል። ቃሉ ባይገባም ምክንያቱ ትክክል ነው። ፊቱ ይዞ ኋላው ካልያዘ በእርጥብ ኩርባ ላይ የመኪናው ጀርባ ቀድሞ ይወጣል፤ ሁለት ብቻ የሚገዛ ሰው የተሻሉትን ከኋላ ነው ማሰር ያለበት። ለሂሉክስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ፊት 9፣ ኋላ 4 ሚሊ ሜትር ጥርስ ካለ ቁመታቸው በ10 ሚሊ ሜትር ይለያያል፣ ከመቶ 1.3 ገደማ። አራቱን አስገብቶ በደረቅ አስፋልት ሲነዳ የፊትና የኋላው እኩል መዞር ስላልቻለ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ማከፋፈያ ይጨነቃል፣ ማርሹ አልወጣ ይላል፣ ውሎ አድሮም ጥርሱን ይበላል።

መልስ 19

ጠያቂው ተመልሶ ሁሉንም በየቁጥራቸው አመሰገነ፤ ያገለገሉትን ትቷቸዋል። በአምስተኛው፣ በስምንተኛውና በአሥረኛው መልስ ላይ ተመሥርቶ ኤ ቲ የሚባለውን፣ በአስፋልትና በፒስታ መካከል ያለውን ጎማ፣ አራቱንም አዲስ ለመግዛት ወስኗል። የሚፈልገው ጎኑ ላይ የተራራው ምልክት ያለበትን ነው፤ ምልክቱ ከብርድ ጎማ ውጭ በአንዳንድ ኤ ቲ ጎማዎችም ላይ ይገኛል። ኤል ቲ የሚል ወፍራም ጎን ያለው ይሻላል ወይስ የተለመደው ብሎ የመጨረሻ ጥያቄ አስከተለ። ስኮርታውንም በተመሳሳይ ልክ ይቀይራል፤ ሰንሰለቱን ደግሞ ለታኅሣሥ አስቦታል።

መልስ 20

ስምንተኛው መላሽ ነው የመለሰለት። ለጨነቅ ድንጋይ ኤል ቲው ይሻላል። በዚህ ልክ የተለመደው የጭነት ቁጥር 112 ነው፣ በአንድ ጎማ 1,120 ኪሎ ማለት ነው፤ ኤል ቲው 120 ይላል፣ 1,400 ኪሎ። ነገር ግን ኤል ቲ ያንኑ ጭነት ለመሸከም ከተለመደው ከፍ ብሎ መነፋት ስላለበት የበሩ ላይ ጽሑፍ ብቻ አይበቃም፤ ሻጩን የግፊት ሰንጠረዡን መጠየቅ ነው። ሲታሰርም ባላንስ ይደረግ፣ የሚነፋበት አፍም በአዲስ ይቀየር፤ አሮጌውን አፍ በአዲስ ጎማ ላይ መተው አየር ሊያሳጣ ይችላል። የቸርኬው ዳዶ በመስቀል ቅደም ተከተል፣ መኪናው ከክሪክ ወርዶ መሬት ሲነካ በመመሪያው ልክ ይጥበቅ። አዲስ የታሰረ ቸርኬ እየተቀመጠ ስለሚላላ፣ በመጀመሪያው ጉዞ ዳባት ሲደርስ፣ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ አቁሞ ሁሉንም ዳዶ እንደገና ያጥብቅ።